ዝናቡ ውጪ፣ አየሩ ውስጥ፦ ስለ ሸራ ጀልባ ካቢን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሲያትል ውስጥ አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዝቶ ቅዳሜና እሁድ የሚያድርበት ሰው ብዙ ነው። ቤት ኪራይ ትቶ ጠቅልሎ የሚገባበትም አለ። ሺልሾል ቤይ ማሪና የሚባለው የጀልባ ማቆሚያ ብትሄዱ ክረምት ከበጋ ጀልባቸው ላይ የሚኖሩ ሰዎች ታገኛላችሁ። ከእኛም ሰዎች መሃል ነገሩ የገባቸው አሉ፤ ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ግን ስለ ሸራ አወጣጥ ሳይሆን ስለ ዝናብ ነው። ከኦክቶበር እስከ ማርች ካቢኑ፣ ማለትም የጀልባው የውስጥ ክፍል፣ ይረጥባል፣ ፍራሹ ይሻግታል፣ ልብሱ ይሸታል። ብዙው ሰው መፍትሔው ቀዳዳውን ሁሉ መድፈን ይመስለዋል። እኔ ደግሞ አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከዚያ ድፈና ነው ባይ ነኝ። መዝጋት ያለብን የውሃውን መንገድ ነው። የአየሩ መንገድ ዓመቱን ሙሉ ክፍት መሆን አለበት።

ዝናብ እየዘነበ ለምን እከፍታለሁ? የውጪው አየር ራሱ እርጥብ አይደለም እንዴ?

እርጥብ ይመስላል እንጂ የተሸከመው ውሃ ትንሽ ነው። ቀዝቃዛ አየር ብዙ ውሃ መያዝ አይችልም። 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለ አየር ጢም ብሎ ቢጠግብ እንኳ በአንድ ሜትር ኩብ 7 ግራም ገደማ ውሃ ነው የሚይዘው። 20 ዲግሪ ላይ ግን እስከ 17 ግራም ይችላል። ስለዚህ ያንን የዝናብ ቀን አየር አስገብታችሁ 20 ዲግሪ ድረስ ስታሞቁት፣ አንጻራዊ እርጥበቱ ከ100 በመቶ ወደ 40 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ይሄ ደረቅ አየር ነው።

ታዲያ ካቢኑን የሚያረጥበው ማነው? እናንተው ናችሁ። አንድ ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሽና በላብ ብቻ ሩብ ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። 20 ሜትር ኩብ የሆነ ካቢን ደግሞ 20 ዲግሪ ላይ ከ350 ግራም ብዙም የማይበልጥ ውሃ ነው መያዝ የሚችለው። ሁለት ሰው ዘግቶ ከተኛ ሳይነጋ አየሩ ይጠግባል ማለት ነው። በላዩ ላይ የተሰቀለ እርጥብ ጃኬትና ማታ የተንተከተከ ሽሮ ጨምሩበት። የተረፈው ውሃ ቀዝቃዛ ነገር ባገኘበት ላይ ይለጠፋል።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይሄ ነገር ግራ ይገባዋል። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ ከሲያትል ይበልጣል፤ ቤቱ ግን እንዲህ አይሸትም። ልዩነቱ የእኛው ዶፉን ጥሎ ሲያባራ ፀሐይ መውጣቷ ነው። ሲያትል ላይ ሰማዩ ለሳምንታት ካፊያ ያካፋል፣ ፀሐይ የለም፣ ከጀልባው ስር ያለው ባሕር ደግሞ በክረምት 8 እና 9 ዲግሪ ነው። በራሱ ጊዜ የሚደርቅ ነገር የለም።

ጠዋት ስነሳ ጣሪያው ያንጠባጥባል። ያፈሳል ማለት ነው ወይስ ጤዛ ነው?

ይሄን ሳትለዩ ምንም አትጠግኑ። ጤዛ ከሆነ ዝናብ ባልዘነበበት ብርዳማ ጠዋትም ይታያል። ደቃቅ ጠብታው ሰፊ ቦታ ይሸፍናል፤ በተለይ የመስኮት ፍሬምና የቡሎን ራስ ላይ፣ ማለትም ብረት ባለበት ይበዛል። የሚያፈስ ከሆነ ግን ከዝናብ በኋላ ይመጣል፣ ሁሌም አንድ ቦታ ነው፣ ወርዶ ሲደርቅም ቡናማ መስመር ይተዋል።

ካልለየላችሁ የእጅ መዳፍ የሚያህል ስስ ላስቲክ ቁረጡና የምትጠረጥሩትን ቦታ ካደረቃችሁ በኋላ አራት ማዕዘኑን በፕላስተር ለጥፉት። ጠዋት ጠብታው ከላስቲኩ በካቢኑ በኩል ካለ ጤዛ ነው። ከላስቲኩ በስተጀርባ ካለ ውሃው ከውጪ እየገባ ነው።

ዶራድ የሚባለው ቬንት ምንድነው? እውነት ውሃ አያስገባም?

ቬንት የአየር መተላለፊያ ቀዳዳ ነው። በዝናብም በማዕበልም ክፍት ሆኖ መቆየት የሚችል ቬንት ቢኖር ዶራድ ነው፤ ለዚህ ነው ሰፋ አድርጌ የምነግራችሁ። ስሙን ያገኘው ዶራድ ከተባለችው ጀልባ ነው። ኦሊን ስቲቨንስ ነድፏት በ1930 ውሃ ላይ ወረደች፤ በ1931 አትላንቲክን የማቋረጥ ውድድር አሸነፈች። የቬንቱ ሳጥን የሚነገረው የወንድሙ የሮድ ስቲቨንስ ሥራ እንደሆነ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዴኩ ላይ፣ ማለትም የጀልባው የላይኛው ወለል ላይ፣ አንድ ሳጥን ይቀመጣል። በሳጥኑ ክዳን አንድ ጫፍ ላይ አፉ የሰፋ፣ ከላይ የታጠፈ ቀንድ ይቆማል። ወደ ካቢኑ የሚወርደው ቧንቧ ያለው ግን ከቀንዱ ስር አይደለም፤ በሳጥኑ ሌላኛው ጫፍ ነው፤ ከሳጥኑ ወለልም ብዙ ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል። ከሳጥኑ ግርጌ ደግሞ ወደ ዴኩ የሚያፈሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ንፋሱ ዝናቡን ይዞ በቀንዱ ይገባል። ውሃው ከባድ ስለሆነ ወለሉ ላይ ይወድቃልና በቀዳዳዎቹ ይወጣል። አየሩ ቀላል ነው፤ ይታጠፍና ቧንቧው አፍ ላይ ወጥቶ ወደ ካቢን ይወርዳል። ሞተር የለው፣ ባትሪ የለው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የለው።

ውሃ የሚያስገባው ከሁለት ነገሮች አንዱ ሲሆን ነው። አንደኛው የግርጌዎቹ ቀዳዳዎች በቅጠልና በአቧራ ሲደፈኑ ነው፤ ሳጥኑ ሞልቶ ውሃው የቧንቧውን አፍ ካለፈ ቀጥታ አልጋችሁ ላይ ነው። በየወሩ በጥርስ መፋቂያ ስንጥር ወይም በሽቦ ጎርጉሯቸው። ሁለተኛው ከባድ ማዕበል ዴኩን ሲያጥበው ነው፤ ለዚያ ጊዜ ቀንዱን ነቅሎ ከጀልባው ጋር የሚመጣውን ክዳን መክደን ይቻላል። ማሪና ውስጥ ለታሰረ ጀልባ ግን ይሄ አያሳስብም።

ዝናቡ ሲበረታ ቀንዱን ከንፋሱ አዙሩት። ያኔ ቬንቱ ከማስገባት ይልቅ ከካቢኑ አየር እየሳበ ያወጣል፤ ውሃውም አፉን አያገኘውም። ሁለት ዶራድ ካላችሁ አንዱን ወደ ንፋሱ፣ አንዱን ከንፋሱ አዙሩ። አንድ ቀዳዳ ብቻውን አየር አያናፍስም፤ መግቢያም መውጫም ያስፈልጋል።

በፀሐይ የሚሠራው ክብ ማራገቢያስ?

ጥሩ ነገር ነው፣ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥም እግር አያደናቅፍም። ግን ዲሴምበር ላይ ሲያትል ውስጥ ብዙ አትመኑት። ቀኑ አጭር፣ ደመናው ወፍራም ነው፤ ባትሪው በደንብ ሳይሞላ ይመሻል። ማሪናው ላይ መብራት ካላችሁ ወይም የጀልባው ባትሪ በቂ ከሆነ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ያለችው ዓይነት ትንሽ ባለ 12 ቮልት ማራገቢያ ብትገጥሙበት የሚበላው ኤሌክትሪክ እዚህ ግባ አይባልም፤ ሌሊቱን ሙሉ ትሠራለች።

የጣሪያውን መስኮት በዝናብ መክፈት ይቻላል?

መርከበኞች ሃች ይሉታል። መልሱ የሚወሰነው ጀልባው መልህቅ ጥሎ ነው ወይስ ማሪና ታስሮ በሚለው ነው።

መልህቅ የጣለ ጀልባ ፊቱን ሁሌም ወደ ንፋሱ ያዞራል። ዝናቡም ከንፋሱ ጋር ከፊት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ማጠፊያው በፊት በኩል የሆነና አፉን ወደ ኋላ የሚከፍት ሃች ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ቢያድር ዝናቡ በላዩ ያልፋል፤ ንፋሱም እያለፈ ሳለ ከውስጥ አየር ይስባል። አዲሱ አየር ከኋላ በመግቢያው በኩል ይገባል። አፉን ወደ ፊት የሚከፍት ከሆነ በበጋ ሙቀት ደስ ይላል፣ በዝናብ ግን ውሃውን አፍሶ ያስገባዋል።

ማሪና ላይ ጀልባው አይዞርም። ንፋሱ በጎንም በኋላም ይመጣል። ሲያትል ዳር ያለው የባሕር ወሽመጥ፣ ፑጀት ሳውንድ፣ ላይ የክረምቱ ከባድ ንፋስ ብዙውን ጊዜ ከደቡብ ነው የሚነፍሰው፤ ጀልባችሁ ኋላውን ለደቡብ ሰጥቶ ከታሰረ የነገርኳችሁ ሁሉ ይገለበጣል። መፍትሔው ሃቹ ላይ ትንሽ የጨርቅ ጣሪያ መስራት ነው፦ ሦስት ጎኑ እስከ ዴኩ የወረደ፣ አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ከላይ በሸራ መጎተቻ ገመድ የተወጠረ። ክፍቱን ጎን ከንፋሱ በተቃራኒ አድርጉት። ልብስ ስፌት የሚችል ሰው ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል።

አንዳንዱ ሃች ተቆልፎም ቢሆን ትንሽ ክፍተት የሚተው ሁለተኛ መቆለፊያ አለው። ለካፊያ ይበቃል። ንፋስ ለቀላቀለ ዝናብ ግን ያለ ጨርቅ ጣሪያው አታምኑት።

የመግቢያውን መዝጊያ ሳንቃዎች ካስገባሁ ይታፈናል፣ ካወጣሁ ይዘንባል። ምን ይሻላል?

ጀልባው ዶጀር ካለው፣ ማለትም ከመግቢያው ፊት የሚወጠረው የጨርቅና የፕላስቲክ መከለያ ካለው፣ ግማሽ ሥራው አልቋል። የላይኛውን ሳንቃ አውጡ፣ ታችኞቹን ተዉ።

ዶጀር ከሌለ አንድ ተጨማሪ ሳንቃ አሠሩ፤ ኮምፔንሳቶ ይበቃል። መሃሉን ቁረጡና ወደ ውጪ የተዘነበሉ ስስ እንጨቶችን ደራርባችሁ ግጠሙበት። ውሃው በየእንጨቱ ላይ ወደ ውጪ ይወርዳል፣ አየሩ በመሃላቸው ይገባል። ከውስጥ በኩል የትንኝ መረብ ምቱበት። በእኔ አስተያየት ለአሮጌ ጀልባ ከምታወጡት ገንዘብ ሁሉ እንደዚህ ሳንቃ ዋጋውን የሚመልስ የለም።

ቡሙ ላይ የላስቲክ ሸራ ብጥልበትስ?

ጣሉ፣ ነገር ግን እንደ ድንኳን እንጂ እንደ ብርድ ልብስ አይሁን። ሸራው ቡሙ ላይ፣ ማለትም የጀልባው ሸራ ከግርጌው የሚታሰርበት አግዳሚ እንጨት ወይም ብረት ላይ፣ ተንተርሶ በሁለቱም ጎን ከዴኩ ዳር ወዳሉት የመከላከያ ሽቦዎች ይወረድ፤ ውሃው ከጀልባው ውጪ ይንጠባጠባል። ፊቱና ኋላው ክፍት ይሁን። በዚህ ድንኳን ስር መግቢያውንም የመሃሉን ሃችም በዶፍ ዝናብ ከፍታችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ።

ዴኩ ላይ ተለጥፎ የተጠቀለለ ላስቲክ ግን ካለመኖሩ ይብሳል። ከስሩ ያልበዋል፣ ቬንቶቹን ያፍናል፣ ንፋስ ሲመጣ እየተርገበገበ ቀለሙን ይፍቃል። ብዙ ጊዜ እንዲቆይላችሁ ከፈለጋችሁ አየር የሚያሳልፈውን የአክሪሊክ ሸራ ግዙ። ይወደዳል፣ ይቆያል።

የጎን መስኮቶቹን ስከፍት ለምን ውሃ ይፈስብኛል? ዝናቡ እኮ ቆሟል!

በፍሬሙ ከንፈር ላይ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ከመክፈታችሁ በፊት ከውጪ በጨርቅ አብሱት። ፍሬሙ ትንሽ የማፍሰሻ ቀዳዳ ካለው አጽዱት። ከመስኮቱ በላይ የምትለጠፍ የቆብ ጥላ የመሰለች ጠርዝም ትሸጣለች፤ ለቀጥታ ዝናብ ትጠቅማለች።

ሲበርደኝ ጋዝ ምድጃውን ለኩሼ ካቢኑን ባሞቅስ? ከሰልስ?

ይሄን በደንብ አንብቡት። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ጋዝ ሲነድ 1.6 ኪሎ ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል። ስለዚህ ጭሱ ወደ ውጪ በማይወጣ እሳት ያሞቃችሁት ካቢን ሞቆ ይረጥባል። ጠዋት የሚያንጠባጥበው ያ ነው። በተለይ ደግሞ ምድጃ ለምግብ እንጂ ለማሞቂያ አልተሠራም።

ከእርጥበቱ የሚከፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አይሸትም፣ አይታይም። የከሰል ጭስ በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን ሲገድል አገር ቤት ሁላችንም ሰምተናል። የጀልባ ካቢን ከዚያ ክፍል ያነሰ ነው። ቡና ለማፍላት ብላችሁ ከሰል ካቢን ውስጥ አታስገቡ፤ ለአምስት ደቂቃም፣ መግቢያው ተከፍቶም ቢሆን። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል፤ እናንተም ትተርፋላችሁ።

የሚሻለው የሚቃጠልበትን አየር ከውጪ የሚስብና ጭሱን ወደ ውጪ የሚያወጣ የናፍታ ማሞቂያ ነው፤ ሙቀቱ ደረቅ ነው። ማሪና ላይ ከሆናችሁ ሲወድቅ ራሱን የሚያጠፋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያም ይሆናል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ መኝታችሁ አጠገብ ግጠሙ። ምግብ ስትሠሩ ከምድጃው በላይ ያለውን ሃች ክፈቱ፣ ድስቱን ክደኑ።

ዲሂዩሚዲፋየር የሚባለውን እርጥበት ማድረቂያ ማሽን ገዛሁ። አሁንም ቬንት ልክፈት?

ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይሄዱም። ቬንቱ ክፍት ሆኖ ማሽኑ ከሠራ ሲያትልን ልታደርቁ ነው ማለት ነው። ሰው በሌለበት፣ እሳት በማይነድበት ጊዜ ዝጉና ማሽኑን ክፈቱ፤ የሚያወጣው ውሃ በቱቦ ወደ እቃ ማጠቢያው ይፍሰስ። ሰው ካለ ግን ቬንቱ ይቅደም፤ ማሽኑ እርጥበት እንጂ የሚተነፈስ አየር አይሰጥም። ስትገዙ ለቀዝቃዛ ቦታ የሚሆነው እርጥበቱን በሚመጥ ቁስ የሚሠራው ዓይነት ነው። ባለ ኮምፕረሰሩ ካቢኑ ሲቀዘቅዝ ይደክማል።

ፍራሹ ከስር ብቻ ይረጥባል። ከየት ነው የሚመጣው?

ከገላችሁ። ሙቀታችሁ እርጥበቱን በፍራሹ ውስጥ ወደ ታች ይገፋዋል፤ ታች ያለው ቀዝቃዛ ፋይበርግላስ፣ ጀልባው የተሠራበት ቁስ፣ ያገኘውና ውሃ ያደርገዋል። ከስሩ አየር የሚያልፍበት ርብራብ እንጨት ወይም ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ የፕላስቲክ መረብ አንጥፉ። ቀን ቀን ፍራሹን በጎኑ አቁሙት። የልብስ ሳጥኖቹን በሮች ገርበብ አድርጋችሁ ተዉ፤ ልብሱንም ከጀልባው ግድግዳ አርቁት።

የሚያፈሰውን ቦታ በሲሊኮን ዙሪያውን ብደፍነው አይበቃም?

አይበቃም። ለጊዜው ይይዛል፣ ከዚያ በአንድ በኩል ይለቅና ውሃውን ውስጥ ያስቀረዋል። ደግሞም ውሃው የሚታይበትና የሚገባበት ቦታ ይለያያል፤ በዴኩና በጣሪያው ሽፋን መሃል ሄዶ ሄዶ ሌላ ቦታ ነው ብቅ የሚለው። አንድ ሰው ውስጥ ባትሪ ይዞ ይቀመጥ፤ ሌላው በጎማ ውሃ ከዝቅተኛው ቦታ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይውጣ፤ አንድ ቡሎን ወይም አንድ ፍሬም ጨርሶ ወደ ሌላው።

ሲገኝ ዕቃውን ንቀሉት፣ አሮጌውን ማጣበቂያ ፍቃችሁ አጽዱ፣ ቡቲል ቴፕ የሚባለውን ለስላሳ የማሸጊያ ማጣበቂያ ጠቅልላችሁ መልሱት። ስታጠብቁ ቡሎኑን ሳይሆን ከስር ያለውን ዳዶ ብቻ አዙሩ፤ ቡሎኑ ከዞረ ቡቲሉን ይቀደዋል። አንዴ አትጨርሱት፤ ትንሽ አጥብቁ፣ በማግስቱ ድገሙት። የምሰሶው ግርጌም አይረሳ፤ ምሰሶው ዴኩን አልፎ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ዝናቡ በራሱ በምሰሶው ውስጥ ይገባል፤ በምሰሶው ውስጥ የሚወርደው ውሃ ግን የተለመደ ነው፣ ጥረታችሁን ሌላ ቦታ አውሉት።

አዲስ ቬንት ልገጥም ዴኩን መቅደድ እፈራለሁ።

መፍራታችሁ ልክ ነው፤ ግን ይቻላል። የብዙ ጀልባዎች ዴክ በሁለት ፋይበርግላስ መሃል ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት አለው። ዝም ብላችሁ ቀድዳችሁ ቬንቱን ከገጠማችሁ አንድ ቀን ውሃ ባልሳው ውስጥ ይገባና ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ከቀደዳችሁ በኋላ የተጋለጠውን ባልሳ ዙሪያውን አንድ ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ፍቃችሁ አውጡ፣ ባዶውን ኤፖክሲ በሚባለው፣ ሲደርቅ በሚጠነክር ወፍራም ማጣበቂያ ሙሉት፣ ሲደርቅ አሸዋ ወረቀት ምቱት። የማሰሪያ ቡሎኖቹን በዚያ ኤፖክሲ ውስጥ ብሱ። ከዚያ ወዲያ ቬንቱ ራሱ ቢያፈስ እንኳ ዴኩ አይጎዳም።

በዲሴምበር ለአንድ ወር አገር ቤት ልሄድ ነው። ጀልባውን እንዴት ልተወው?

ማሪናው ላይ መብራት ካላችሁና አልፎ አልፎ የሚያይላችሁ ሰው ካለ ዲሂዩሚዲፋየሩን በቱቦ አያይዛችሁ ዝጉት። ከሌለ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ቬንት ክፍት ተዉ፤ ዶራዶቹን ከደቡብ ንፋስ አዙሩ፤ ባለ ርብራቡን ሳንቃ መግቢያው ላይ አድርጉ። ፍራሾቹን በጎናቸው አቁሙ፣ ሳጥኑን ሁሉ ክፈቱ፣ የወለሉን ሳንቃ አንድ ሁለቱን አንሱ። ጨርቅ የሆነውን ሁሉ፣ ብርድ ልብስም ሆነ ጋቢ፣ ይዛችሁ ውጡ። ጋዙን ከሲሊንደሩ ዝጉት፤ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ ወደ ጀልባው ሆድ ይወርዳል፣ ከዚያ ደግሞ በቬንት አይወጣም። የዴኩን ማፍሰሻዎች ከቅጠል አጽዱ፤ ጎረቤታችሁንም ከአንድ ትልቅ ማዕበል በኋላ መግቢያውን ከፍቶ ውስጡን እንዲያሸትላችሁ ለምኑት።